የቅዳሜ ገበያተኛ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለተስፋው፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሸጋዬና ሕፃኑስ የደቡብ አፍሪካውን አየር ለመዱት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባ ጤፉን ማጨድ ጀምረዋል። እምዬም ጉልበቷን እያመማት ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አልቀረችም። እኔ ያው ሳምንቱን ቡሬ ገጠር ከብት ስከትብ እሰነብትና ቅዳሜ ወደ ቤት እመጣለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በኢንተርኔት አብረን በምንጫወተው ጌም ውስጥ እንዳልጽፍልህ ዳግም ላላየው ትቼዋለሁ፤ እንዳልደውልልህም አፌ ክፉ እንዳይናገር ፈራሁ።

ስታስጀምረኝ "እትዬ፣ አንቺ ፈዋሽ ትሆኛለሽ፣ እኔ ሰይፈኛ፤ ጎን ለጎን እንሄዳለን" ብለኸኝ ነበር። ላንተ ብዬ እንጂ በየቅዳሜው የያረጋል ኢንተርኔት ቤት ከጎረምሶች መሀል መቀመጥ አምሮኝ አልነበረም። እምዬ ከበር ስገባ "አገኘሽው?" ትለኛለች፤ "አዎ፣ ደኅና ነው" ስላት ፊቷ ይፈካል።

ጨዋታው ግን እንደኔ ላለ ሰው የተሠራ አይደለም። ለአንድ ካባ ብዬ ክረምቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቅጠል ስለቅም ከረምኩ፤ በለበስኩት ማግሥት ጌሙን አሻሻሉትና ካባው ለምንም የማይረባ ሆነ። ከከተማው በር ስወጣ ደግሞ ሥራ ፈቶች ደካማ እየጠበቁ ይገድላሉ። ምንም አያገኙበትም፤ ለሳቅ ብቻ ነው። አንዱ ሬሳዬ ላይ ሲጨፍር አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ግን ችዬው ነበር።

ያልቻልኩት ያለፈውን ቅዳሜ ነው። ዋሻው ውስጥ ከዘንዶው ጋር ገጥመን ሳለ እዚህ መብራት ጠፋ። ያረጋል ጄኔሬተሩን አስነስቶ ተመልሼ ስገባ ሁላችሁም ሞታችኋል። መግባቴን ማንም ልብ አላለም። ራሱን ንጉሥ የሚለው አለቃችሁ "ያስጨረሰችን ያቺ የቅዳሜ ገበያተኛ ናት። ቤቷ ሄዳ ኩበት ትጠፍጥፍ!" ሲል በጆሮ ማዳመጫው ሰማሁት። ሳቃችሁ። ያንተን ሳቅ ለየሁት፤ ከልጅነትህ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ትን የሚልህን። ቀጥሎ "ተስፋው፣ ያመጣሃት አንተ ነህ፤ ለመሆኑ ማን ናት?" አለህ። አንተም "ኧረ አላውቃትም፤ እዚሁ ጌም ውስጥ ያገኘኋት ናት" አልክ።

ተስፋው፣ ከበሰበሰ ሰኮና ትል ሳወጣ እንኳ እንደዚያ ተጸይፌ አላውቅም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል ነበር። አንተ ግን ስሙን እንኳ የማታውቀው ሰው ደስ ይበለው ብለህ እህትህን ካድክ። ኩበቱ አላሳፈረኝም፤ እምዬ ኩበት ጠፍጥፋ ነው ያሳደገችን።

የምጫወትባትን ፈዋሽ ከጌሙ አጥፍቼ ተነሣሁ። ያረጋል "ሰዓትሽ እኮ ገና ነው" አለኝ፤ "ለሌላ ስጠው" ብዬው ወጣሁ። ቤት ስደርስ እምዬ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። "አላገኘሁትም" አልኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬን ለእሷ እሰጣታለሁና ደውልላት። ከእኔ ጋር መነጋገር ስትፈልግ ግን መጀመሪያ ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ለንጉሥህ ንገረው።

ሸጋዬን እንደ እህቴ እንደምወዳት ንገርልኝ። ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አባባ "እግዜር ይጠብቅህ፣ በርታ" ብለውሃል። እምዬ ሰላምታዋን በራሷ አፍ ትነግርሃለች።

ታላቅ እህትህ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.