ምርመራውን ስላለፈው የዓሣ ዘይት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ጥላ ባለው ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው ጤና እንደማይጎድለው ባውቅም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛዋ ታይፒስት ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ አንዱንም እንዳታለሰልስብኝ አስጠንቅቄአታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ዘይት ፋብሪካ በርሜል እያሸተትኩ ደጉን ከክፉው የለየሁ ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ ዘይቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ቀድተው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ስለደረደሩልን እናመሰግናለን፤ ለዓይን ያምራል። የዓሣ ዘይት ግን ብርሃንና ሙቀት ካገኘ አየር ይጠጣል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ የሚፈጠርበት ብልሽት ሽታም ጣዕምም የለውም። ሲቆይ ያው ብልሽት ራሱ ይሰባበርና በፊት የታጨደ ሣር፣ በኋላ የቀለም ቆርቆሮ የሚሸት ነገር ይወጣዋል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር አቤት ብዬ ብመጣ የምርመራ ውጤት በማኅተም አስጊጠው ግድግዳ ላይ ስለለጠፉልኝ ክብር ተሰምቶኛል። ጎረቤቴ እንዳነበበችልኝ የመረመራችሁት የመጀመሪያውን ብልሽት ብቻ ሲሆን፣ እሱም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው፤ ተሰባብሮ አልቋላ። የፋብሪካችን ኬሚስት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቱንም ብልሽት ለክቶ ሳይደምር በርሜል አያሳልፍም ነበር፤ አመድ አይቶ እሳት አልነበረም የሚል ሰው እዚህ አይሠራም ይለን ነበር።

ሦስተኛውን እርስዎ አይከሰሱበትም። ባለቤቴ ስትዳከም የታዘዘላትን ይህንኑ ዘይት ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ቀለም ቀለም ይላል እኮ ሰውዬ ብትለኝ አሸተትኩት፤ ምንም አልሸተተኝም። አፍንጫዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም ጭምር። ዕድሜዬን በዘይት የጨረስኩት ሰውዬ እያለሁ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኗን እየጨፈነች፣ ቃል ሳይወጣት ዋጠችልኝ። ከቀብሯ በኋላ ጎረቤቴ ጠርሙሱን ከፍታ ፊቷን ስታዞር ነው የገባኝ። ዘይቱ ገደላት አልልም፤ የወሰዳት ልቧ ነው። የመጨረሻ ጠዋቶቿን ያመረርኩባት ግን እኔ ነኝ፤ የእርስዎን ጠርሙስና የእኔን ኩራት አምኜ።

ትናንት በደጃፍዎ ሳልፍ አንድ ሰው ለእናቱ ሁለት ጠርሙስ ተቀብሎ፣ እንዳይሰበርበት በኮቱ ጠቅልሎ ሲሄድ አየሁ። ተከትዬ ልነግረው ብል እግሬ አላደረሰኝም። ስለዚህ የቀረውን ዘይት ከመስኮቱ እንዲያነሱልኝ፣ ጎንበስ ማለት ልማዴ ባይሆንም፣ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ የሚመኝ፣ በአፍንጫው ይኮራ የነበረ፣ የአንዲት ታጋሽ ሴት ባል

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ አጋማሽ ላይ ትታው የሄደችውን ጠርሙስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ለመመርመር አይቸኩሉ፤ በእርስዎ አመራመር፣ ባስቀመጡት ቁጥር ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።