የጥቁሩ ኮት እጅጌ

ጥቅምት 8፣ ጠዋት

የስፌት ማሽኑ ፔዳል ሲጢጥ ይላል። ዘይት ጠብ አደረግሁበት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ አሁንም ዩኒፎርም። ማስታወሻዬ፣ ከልጅነቴ የባና ቁራጭ እየለቀምኩ ስሰፋ ያደግሁት ለዚህ ነው?

አ.አ ያለ ልብስ ቤት ናሙና ጠይቆኛል፤ ከጥቁር በርኖስ ጨርቅ የሴት ኮት፣ በራሴ ፈጠራ። ከወደዱት አዲስ ልብስ እያወጣሁ እዚያው ልሠራ ነው። ሰፍቼ ጨርሼ፣ ጠቅልዬ ለነጋዴዋ ለወ/ሮ አስካለ ሰጠሁ፣ እንድታደርስልኝ። እየነካካች ስንት ነገር ጠየቀችኝ። ምን አገባት?

ጥቅምት 19

ኮቱ ከልብስ ቤቱ ተመለሰ። ግራ እጅጌው ክንድ አያስገባም አሉ። ለብሼ አይቼ የላክሁት! አስካለ ናት። አሠራሩን ልትሰርቅ በሌላ ሰፊ አስፈትታዋለች። ሌላ ማን?

ለእናቴ ነገርኳት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እግዜር ያላለው አይሆንም ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 20፣ ከገበያ መልስ

አስካለን በሰው ፊት ጠየቅኋት። ሳቀች። «አንቺ ሴት! እኔ እንኳን ኮት ላስፈታ የራሴን ቀሚስም አላሰፋሁ!» የተተረተረ ጠርዟን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። አፈርኩ። ግን አላመንኳትም።

ጥቅምት 21፣ ረፋድ

ገበሩን ፀሐይ ላይ ፈታሁት። ቀኙ የኔ ስፌት ነው። ግራው ተፈትቶ፣ ጠበብ ተደርጎ፣ በእጅ ተሰፍቷል። ክሩ ከመሳቢያዬ የወጣ። ስፌቱ በተቃራኒ ያዘነብላል። የግራኝ እጅ ነው።

ግራኝ እናቴ ናት። መርፌ ያስያዘችኝ እሷ። ኮቱ ከመላኩ በፊት ቤተ ክርስቲያን ልስም ስሄድ ቤት የቀረችው እሷ።

ኮቱን ነክተሽዋል? አልኳት። ዓይኔ መች ያይና አለች። ይህን ስትል ነጠላዋን እየጣፈች ነበር።

ጥቅምት 23

ስልክ ቤት ሄጄ ለልብስ ቤቱ ደወልኩ። አስተካክለሽ ራስሽ ይዘሽ ነይ አሉ። ለእናቴ ነገርኳት። ማን ያስታምመኛል፣ ማን ይቀብረኛል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ በሰላም ግቢ አለች። ቶሎ። በጣም ቶሎ። ደግሞ ኮቱን እኔ ልጠቅልልልሽ አለች።

ጥቅምት 25

እጅጌውን መልሼ ሰፋሁት። ከአጠገቤ አላራቅሁትም። አስካለን ይቅርታ ልጠይቅ? ምናልባት።

እናቴን አልቆጣትም። ብቻዋን መቅረት ፈርታ ነው። ግን ጥያት ብሄድ ዓመቱን ሙሉ ትታመምብኛለች፤ በየሳምንቱ ድረሺ የሚል መልእክት ይመጣል። ወስኛለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ኮቱንም እሷንም ይዤ። ዓይኔ ሥር ትሁን።