ከካቡ ጀርባ

መካነ ኢየሱስ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን

ለልጄ ጓደኛ፣

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ከርመሻል? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ያስልሽ ነበር፤ አሁንስ ለቀቀሽ? ፊልም የምታጥቢበት ክፍል ጨለማና እርጥብ እንደሆነ ልጄ የኔነሽ በሕይወት ሳለች ነግራኝ ነበርና ደረትሽን ሸፍነሽ ሥሪ። እናትሽንም ሳሚልኝ፤ ለቅሶ መጥታ እንደ እህት አብራኝ ማደሯን አልረሳም። እኔ አለሁ። እህል እቀምሳለሁ፣ በጎቹንም አያለሁ። ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ሹፌሩ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ከታሂር የጨርቅ ሱቅ አስቀምጦልኝ ሄደ። ልወስድ ስሄድ ጎረቤቴ ንግስት አብራኝ ነበረች። ቤት እስክንደርስ አላስችል ብሎን ፎቶውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘረጋነው። በር ያህላል። ገብሱ የታጨደበት መሬታችን፣ ካቡ፣ ከካቡ ኋላ ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ የስማዳ አገር ሁሉ አለበት። ሳታጥበው የቀረችው ፊልም የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የኔነሽ በእጇ ‹‹እናቴ›› ብላ ጽፋ እንዳገኘሽው ለታሂር ነገርኩት።

ንግስት ሰምታ ‹‹እናቴ ያለችው መሬቱን ነው እንዴ? እኔስ ሰው አላይበትም። ይቺ ልጅ እንደሁ ግንብና ገደል ስታነሳ ከረመች፣ አንቺን አንድ ጊዜ ብታነሳ ምን ነበረበት?›› አለች። ንግስት ምላሷ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ታሂር ግን የጨርቅ ክር የሚያይበትን አጉሊ መነጽር አውጥቶ ፎቶው ላይ ተደፋ። ብዙ ቆየ። ‹‹ንግስት፣ አንቺ ዓይንሽ የሚሠራው ምስር ስትለቅሚ ብቻ ነው። ይቺውልሽ፣ ከካቡ ጀርባ ሰው ናት፤ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይለያል። ይህ ካሜራ የዋዛ መሰለሽ?›› አላት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ‹‹እትዬ፣ እርስዎ ነዎት›› አለኝ። ንግስት ማልቀስ ጀመረች። ታሂርም የኔነሽ ገደል አፋፍ ላይ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ተከትያት የሄድኩ መሰለውና አላህ እንዲያጽናናኝ ለመነልኝ።

አንቺም የጻፍሽልኝ ይህንኑ ነው። በሙት ዓመቷ ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ ፎቶዎቿ ሲሰቀሉ ይህ ከሁሉ ፊት እንዲሆን፣ ከሥሩም ‹‹ልጇን ብቻዋን ያልተወች እናት›› ተብሎ እንዲጻፍ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ስለዚያ ቀን ጥቂት እንድናገር አስበሻል።

ልጄ፣ እንደዚያ ብለሽ አትጻፊ። እዚያ የሄድኩት ለዚያ አልነበረም።

አምና በኅዳር የኔነሽ ካሜራውን ይዛ ከደብረ ታቦር ስትመጣ በየገደሉ አፋፍ መዞር ጀመረች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጽፈውም፣ ‹‹ልጅሽ ድንጋይ ለማየት ነው እንዲህ ተኳኩላ የምትሄደው? ወይስ ድንጋዩ ሱሪ ለብሷል?›› አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልጄ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የኔነሽ ‹‹እማ፣ ዛሬ አብረሽኝ ነይ። መሬቱ ላይ ቁሚልኝና አንድ ላንሳሽ›› አለችኝ። ‹‹ሰው ምን ይለኛል? እስካሁን ያሰደብሽኝ አይበቃም?›› አልኳት። በምን እንዳሰደበችኝ አልጠየቀችኝም። ካሜራዋንና ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸክማ ወጣች። ትንሽ ቆይቼ እኔም ወጣሁ። ምሳ ልወስድላት አልነበረም። ከወንድ ጋር እንደሆነች ለማየት ነው የሄድኩት።

እሷ ከጉብታው ላይ ነበረች፣ እኔ በታች በኩል ዞሬ ከካቡ ጀርባ ተቀመጥኩ። ያ ካሜራ ከላይ ወደ ታች አጎንብሰው የሚያዩበት አይደል? አንገቷን ደፍታ ትቆያለች። ቀና ትልና ፊልሙን ታዞራለች። እንደገና ትደፋለች። እኔ በካቡ ላይ ብቅ እያልኩ የሚመጣውን ሰው ጠበቅሁ። ፀሐይ አናቴ ላይ ደረሰች፤ ማንም አልመጣም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ማንም ባለመምጣቱ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። አንድ ነገር አይቼ ልገባ፣ እኔ ልክ ነበርኩ ልላት ተዘጋጅቼ ነበርና።

በኋላ እግሬ ደነዘዘ። እሷ አጎንብሳለች፣ አታየኝም ብዬ ከካቡ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄን ሥራዋን ስትሠራ አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ሩቅ ሆና እንኳ እጇ አለመቸኮሉ ይታይ ነበር። ትንሽ አየኋትና በታችኛው መንገድ ቀድሜያት ቤት ገባሁ።

ስትገባ እኔው ቀድሜ የት ዋልሽ አልኳት። ‹‹ሥራ ላይ። አንቺስ፣ እማ?›› አለችኝ። ቤት ነው የዋልኩት አልኳት። ‹‹ደግ አደረግሽ፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር›› አለች። ከዚያ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን የካብ ሥር ጭጎጊት እየለቀመች እሳት ውስጥ ትጥለው ጀመር። በሳምንቱ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። በግንቦት ወደ ወገዳ ስትወርድ መኪናው ተገለበጠ። ያንን ቀን ሳንነጋገርበት ቀረን።

ከትልቁ ጋር የላክሽውን፣ ትንንሾቹ በተራ የታተሙበትን ወረቀት፣ የታሂርን መነጽር ተውሼ ቤቴ አየሁት። አንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ብቻ ስለሚያወጣ የኔነሽ ፊልም ትሳሳ እንደነበር ጽፈሻል። ከተማ ወጥታ እንጨት የተሰካካበትን ጅምር ፎቅ፣ ዝናብ ያጠበውን የቆርቆሮ ጣሪያ ስታነሳ አንዱን ነገር ሁለቴ አታነሳም ነበር አልሽ። ታዲያ ይህን አንድ መሬት ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ደጋገመችው? በቀትር፣ ጥላ በሌለበት፣ እሷ በምትጠላው ብርሃን ለምን እዚያው ቆመች? መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱን ሳታነሳ ባዶ ትታ ለምን ጠቅልላ ዘጋችው? አልገባኝም ብለሻል።

በመጀመሪያዎቹ ላይ ካቡ ብቻውን ነው። ቀጥሎ ከካቡ በላይ ነጭ ነገር ብቅ ትላለች፤ አንቺ ትልቅ አድርገሽ ያተምሽው ይህን ነው፣ የጠዋት ብርሃን ስላለው። ቀጥሎ ትጠፋለች፣ ጎንበስ ብዬ ነው። እንደገና ብቅ ትላለች፣ እንደገና ትጠፋለች። ከሁለቱ ባዶዎች በፊት ባለው፣ ብርሃኑ ተበላሽቷል ባልሽው ላይ፣ ከካቡ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊቴ ወደ እሷ ነው።

ለእኔ ገብቶኛል፤ እስክወጣላት እየጠበቀችኝ ነበር። በአዳራሽ ግን እንዳልናገረው እለምንሻለሁ።

መጀመሪያ ብዕር ስይዝ ይህን ፎቶ ፈጽሞ አትስቀይው ልልሽ ነበር። ስጽፍ አሰብኩበት። ከሰቀልሽ ግን አንዱን መርጠሽ አትስቀይ። ሁሉንም በተራቸው ስቀያቸው፣ የተደበቅሁባቸውንም፣ የመጨረሻውንም፣ ባዶዎቹንም። ከሥራቸው እሷ የጻፈችው ቃል ብቻ ይሁን፤ አንቺም እኔም አንጨምርበት። እኔ እመጣለሁ። ንግስትም ካልመጣሁ ብላለች። ቆሜ አልናገርም። ሰው አልፎ ሲሄድ ይቺ ከካብ ጀርባ የተሸሸገችው ማን ናት ብሎ ከጠየቀ ግን፣ እኔ ነኝ እላለሁ።

እጅሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። ለእናትሽ ያኑርሽ፣ እሷንም ላንቺ። ስትመጪ ቤቴ ቤትሽ ነው፤ የእሷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው።

እናቷ