በዊትቢ የሚኖረው ሌላው አባዬ

ለእናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የባሕሩ ነፋስ አልበረታብሽም? እኛ እዚህ ግሪምስቢ ደህና ነን። አያቴም ደህና ናቸው፤ ሐኪሙ ስኳር ይተዉ ካላቸው ወዲህ ሐኪሙን ትተዋል።

አድራሻዬን ከየት አመጣችው እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ለማንም አልነገርሽም። እሱን ልነግርሽ ነው፤ ታገሺኝ።

አከራያችን ሚስተር ፒከርስጊል ቤቱን ሊሸጡት ነው። አሥራ አራት ዓመት ስለኖርንበት ቅድሚያውን ለእኛ ሰጥተው እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ቆረጡልን። ካልገዛን እንወጣለን። አባዬ ግን ባንክ ሲባል በሚሠራበት የዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቆለፈበት ይመስል ይገረጣል። አያቴ ደግሞ አባባሱት። «አንዴ ከጠየቅህ ስምህ ይበላሻል! በእኛ ጊዜ ባንክ በር ላይ የታየ ሰው ከሰረ ተብሎ ይወራበት ነበር» አሉ። «በእርስዎ ጊዜ ዳይኖሰርም ያበድር ነበር» ብላቸው «አንቺ ምላሳም፣ ቁርጥ እናትሽን!» አሉና ደንግጠው ሻያቸውን አማሰሉ።

ያስረዳሁት እኔ ነኝ። የብድር ታሪክ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራው የቤት ብድሩን በእርግጥ ስትጠይቂ የሚደረገው ነው፤ ምልክቱን ሌላው አበዳሪ ሁሉ ያየዋል፣ ከበዛም ያስጠረጥራል። ቀላሉ ግን «ብጠይቅ ትሰጡኛላችሁ?» ማለት ብቻ ነው። አበዳሪው ታሪክሽን አየት አድርጎ ይመልስልሻል። እሱም ምልክት ይተዋል፤ ግን የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ሌላ አበዳሪ አያየውም፣ የብድር ነጥብሽንም አይቀንስም።

ማክሰኞ አባዬ በላብ ተጠምቆ የቀላሉን ቅጽ ሞላ። መልሱ መጣ፦ በእሱ ደመወዝ ብቻ አይሆንም፣ ሁለተኛ ሰው ካለ ግን ሊሆን ይችላል። አያቴ «እኔ አለሁ» አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ማንም ግን አልሳቀም።

ከዚያ የራሱን የብድር ታሪክ እንዲያይ አስገደድኩት፤ አይቶት አያውቅም። ከታች ሁለት ቀላል ምርመራዎች ተመዝግበዋል። አንዱ የማክሰኞው የእኛ ነው። ሌላው የፌብሩዋሪ ነው፤ ሰምተነው ከማናውቅ አበዳሪ። ስሙ የአባዬ፣ የልደት ቀኑም የአባዬ። አድራሻው ግን እዚህ ሳይሆን ዊትቢ። የማመልከቻው ዓይነት፦ የጋራ፣ በሁለት ሰው ስም ማለት ነው። ካርታ ላይ ፈለግኩት፤ ከሱፍ ክር ሱቅ በላይ መጋረጃው የተዘጋ መስኮት ነው።

አያቴ «ሌባ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። የብድር ታሪኩን ወደሚመዘግበው ድርጅት ስልክ ደወልን። ሮዛሊንድ የምትባል ሠራተኛ «ውዴ፣ ሌባ ጠይቆ ብቻ አይሄድም፤ ይበደራል። ይሄኛው ሰው ከአባትሽ ጋር አብረው ቢጠይቁ ቤት ይፈቀድላቸው እንደሆነ ብቻ ነው ማወቅ የፈለገው» አለችን። የማናውቀው ከሆነ ግን «አላውቀውም» የሚለውን ብንጫን አጣርተው እንደሚሰርዙት ነገረችን።

አያቴ «ተጫነው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል!» ይላሉ። አባዬ ጣቱን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ማጠብ ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጠን «ይቆይ። ከእኔ በቀር የሚያየው የለም» አለ።

እማ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ያ በዊትቢ የሚኖረው አባዬ። እዚያ ፎቅ ላይ ዳቦ ሲያሳርር፣ ከሬዲዮ ጋር ሲሰዳደብ ይታየኛል። ትናንት ሻይ ስቀዳ ሳላስበው አንድ ኩባያ ጨመርኩ። አያቴ አዩኝና አልተሳደቡም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ይሄኛው አባዬ ደግሞ ለምሳ እየመጣ ያንን አንድ መስመር ይከፍታል፣ ያነበዋል፣ ይዘጋዋል። መቃብር እንደሚጠይቅ ሰው። ሦስቴ ይዤዋለሁ።

ብድሩ ላይ አብረሽው ፈርሚ ብዬ አልለምንሽም። አባዬ «ከሄድሽ አትመለሺ» ያለሽ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ያንን አበዳሪ ማን እንደጠየቀም አልጠይቅሽም። የአባዬን የልደት ቀን እናውቃለን የምንለው ሦስት ሰዎች ነን፤ አያቴ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይስታሉ፣ የጠየቅኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ በፌብሩዋሪ ምን ብለው መለሱልሽ? ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ስጽፍ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። ቴምብር ፍለጋ ስወርድ ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ተቀምጦ አገኘሁ፤ በማግስቱ የሚያደርሰው ውዱ። አባዬ እኮ የገና ካርድ እንኳ በርካሹ ነው የሚልከው። ዞር ብዬ ባየው ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ ያነባል።

ነፋሱ ይራራልሽ፤ የምትሄጂበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ።

ምላሳሟ ልጅሽ