አራዳን በሐሚልተን የመሠረቱት የአቶ እምሩ ወልደጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ እምሩ ወልደጊዮርጊስ የካቲት 21 ቀን 1944 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ወልደጊዮርጊስ ሀብቴ በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ዘንድ የታወቁ ወርቅ ሠሪ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጽጌ አስፋው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቅመም ይነግዱ ነበር። አቶ እምሩ ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ ናቸው።

ፊደል የቆጠሩት በአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ዘመናዊ ትምህርታቸውንም እዚያው አካባቢ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ልባቸው ግን ኳስ ላይ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሜዳ አልነበረም፤ የነበረው ሁለት ሰው ተላልፎ የማያልፍበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የካልሲ ኳስ እየተጫወቱ ስላደጉ፣ ኋላ አሠልጣኝ ሆነው እንኳ ከፍ ያለ ኳስ አይወዱም ነበር። «መሬት! መሬት! የሰው ጣራ ልትሰብር ነው?» እያሉ የሚጮኹት ጩኸት ጣራ በሌለበት በካናዳ ሜዳም አልቀረም።

በዚያው መንገድ አብረዋቸው ያደጉ አንድ ጓደኛ ነበሯቸው፤ አቶ ቃለጽድቅ አጽብሐ ይባላሉ። የሁለቱ ቤት አንድ ግድግዳ የተጋራ ነበር። በ1972 ዓ.ም. አብረው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1975 ዓ.ም. አብረው ካናዳ፣ ሐሚልተን ከተማ ገቡ። አቶ እምሩ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነው ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርክአዲስ ካሕሳይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጽዮን እምሩን እና ራጉኤል እምሩን አፍርተዋል።

በ1980 ዓ.ም. አቶ እምሩ የእግር ኳስ ክለብ መሠረቱ። ተጫዋቾቹን የሰበሰቡት ከአውቶቡሳቸው ውስጥ ነው። ወጣት ስደተኛ ሲሳፈር እግሩን ያዩና፣ «ቀኝ ነህ ግራ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ግራ ነኝ ያለ ሰው የእሑዱን ልምምድ አድራሻ ሳይቀበል አይወርድም። የክለቡን ስም «አራዳ» አሉት። ሳሎናቸው ቢሮ ሆነ። በመለያው ጀርባ ላይ ቁጥሮቹን የሰፉት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ናቸው፤ ስምንት ቁጥር እምቢ ብሏቸው ሁለት ዜሮ ደራርበው ሰፍተው እንደነበር ሲነገር በየበዓሉ ያስቅ ነበር።

ክለቡ እንደ ዕድር ቃለ ጉባኤ ነበረው። ጸሐፊው አቶ ቃለጽድቅ ነበሩ። ሁለቱ እኩዮች ቢሆኑም በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ አቶ እምሩ ሲጽፉ በአንቱታ ነበር። አቶ እምሩ አይተው፣ «አንተ፣ መቼ ሸመገልኩ?» ሲሏቸው፣ «ሊቀመንበር አይደለህ እንዴ? ሰፈር ውስጥ እሰድብሃለሁ፤ ወረቀት ላይ አከብርሃለሁ» ብለው መለሱላቸው። ተሳሳቁ። የሰኔ 5 ቀን 1980 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤም እንዲህ ይላል፦ «በቤታቸው ሰበሰቡን፤ ሳሎናቸውን ለቢሮ ሰጡ፤ ስሙንም አውጥተው ክለቡን መሠረቱ።»

ክለቡ አደገ። ፖርቹጋሎች፣ ጃማይካውያን፣ ሶማሌዎች ገቡበት። ጃማይካዊው በረኛ ጎል ሲቆጠርበት ራሱን «አይዞህ» ማለት ለምዶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. አራዳ በከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ ተመዘገበ፤ በ1991 ዓ.ም. ዋንጫ አነሣ። በ1999 ዓ.ም. አዲስ ባለሀብቶች ክለቡን ሲረከቡት «አራዳ» የሚለው ስም ቀርቶ በከተማው ስም እንዲጠራ ጠየቁ። በስብሰባው ላይ ለለውጡ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ ቃለጽድቅ ነበሩ። አቶ እምሩ ግን አልተቀየሟቸውም። «ስሙን ይውሰዱት፤ ልጆቹ ይጫወቱ» ብለው ራሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

በ2005 ዓ.ም. ክለቡ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። የድሮው ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ስለነበረ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት የክለቡ የክብር ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ቃለጽድቅ ናቸው። በአማርኛችን «መሠረቱ» ሲባል አንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል፣ ብዙ ሰዎችም ይሆናሉ። በመጽሐፉ ላይ በእንግሊዝኛ የወጣው «እነርሱ ሰበሰቡን፤ እነርሱ ሳሎናቸውን ሰጡ፤ እነርሱ ክለቡን መሠረቱ» ተብሎ ነው። እነርሱ እነማን እንደሆኑ የሚናገር መስመር የለም። ከሥሩ የታተመው ፎቶግራፍ የአቶ ቃለጽድቅ ነው።

አቶ እምሩ መጽሐፉን ይዘው ወደ ጓደኛቸው ቤት ሄዱ።

«ቃሌ፣ እነርሱ የተባሉት እነማን ናቸው?»

«አንተ ነሃ! አክብሬህ እኮ ነው።»

«ታዲያ ስሜ የታለ?»

«ፈረንጅ አንቱታ የት ያውቃል? እኔ ምን ላድርግ?»

አቶ እምሩ እንዲታረምላቸው ለክለቡ ጻፉ። ክለቡም ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ሰው ራሱ ይመስክር አለ። ከአቶ ቃለጽድቅ የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እርሱ» ማለት። እርሳቸው ግን፣ «ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ክለቡን የመሠረትነው ብዙ ሆነን ነው» ብለው ፈርመው ላኩ። የደብዳቤው ግልባጭ ለአቶ እምሩ ደረሳቸው። አንብበው ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ሰጧቸው፤ «ፊርማው የእርሱ ነው አይደል? እይልኝ፤ ዓይኔ ደክሞ እንደሆነ» አሏቸው። የእርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የክለቡን ሜዳ አልረገጡም። በ2006 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢም ኖሩ። ከጠዋት ቡና መልስ ፒያሳ ካፌ ደጃፍ ተቀምጠው ማኪያቶ ሲጠጡ የሚያውቃቸው ሁሉ ተጫዋችነታቸውን ይመሰክራል። ስለ ኳስ የተጠየቁትን ሁሉ ይመልሱ ነበር። ስለ ካናዳው ክለብ ሲጠየቁ ግን፣ «እነርሱን ጠይቁ» ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በአገር ውስጥ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ባለፈው ዓመት ሕመሙ ጸናባቸው። በዚያን ሰሞን አቶ ቃለጽድቅ ከካናዳ ደወሉ። ልጃቸው ጽዮን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። «እንደምን አሉ፣ ጋሼ እምሩ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ እምሩም፣ «አሁንም አንቱ?» አሉ። ስልኩን እንድትዘጋውም በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

በማግስቱ ቤተሰቡን ሰብስበው አንድ ነገር ብቻ ተናዘዙ። «ታሪኬን ስታነቡ እንደ ደንቡ አክብሩኝ፤ ሰው እንዳይታዘባችሁ። ክለቡ ጋ ስትደርሱ ግን አንቱታው ይቅር። በአንቱታ ነው የጠፋሁት። እዚያች ላይ አንተ በሉኝ» አሉ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ እንቁ፣ «በቤተ ክርስቲያን፣ በካህናት ፊት እንዴት ተደርጎ?» ብለው ቢከራከሩም፣ «እንቁዬ፣ ካህናቱም ሲጸልዩልኝ አንተ ነው የሚሉኝ» ብለው ዘጉት።

አቶ እምሩ ወልደጊዮርጊስ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከባለቤታቸው ጋር አርባ ዓመት በፍቅር የኖሩ፣ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ የቅርብ ጓደኛን ስም መጥራት የተለመደ ነው። ቤተሰቡ ያንን መስመር ባዶ ትቶታል።

ታላላቆቻችን ይቅር በሉን፤ የሟች ቃል ነውና እንደ ኑዛዜው እናነባለን፦

በ1980 ዓ.ም. በሐሚልተን ከተማ የአራዳ እግር ኳስ ክለብን እምሩ ወልደጊዮርጊስ መሠረተ። እርሱ ሰበሰበ፤ እርሱ ሳሎኑን ሰጠ፤ እርሱ ስሙን አወጣ። ብቻውን መሠረተ።

የማንንም ስም የማይስት አምላክ በቅዱሳኑ ማኅበር መካከል በስሙ ይጥራው፤ ነፍሱንም በዕረፍት ቦታ ያኑርልን። ለእኛም ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።