የአቶ ዋቅጋሪ ገለታና የግጦሽ መስካቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋቅጋሪ ገለታ ከአባታቸው ከአቶ ገለታ ፉፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂቱ ዋቅጅራ እንጭኒ አቅራቢያ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እንጭኒ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በዚያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ ተከታትለው በግብርና ዲፕሎማ አግኝተዋል። በምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ለሠላሳ ዓመታት ያህል በግብርና ባለሙያነት አገልግለዋል። ማሳውን ያላረመ ገበሬ ካዩ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ይቆጡ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለች ወሰኑ ጋር ተጋብተው ዮሐንስን፣ አርሴማንና ቀንዓን አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ከባለቤታቸው ወላጆች የተላለፈላቸውን አምቦ ዳር የሚገኝ የግጦሽ መስክ ቅንጨ አረም ወርሶት አገኙት። ሣሩ ጠፍቶ፣ ላሞቹ አረሙን እየቀማመሱ ወተቱ መረረ። ነቅለው ነቅለው በሰለቹበት በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ያን አረም የሚበላ ጢንዚዛ ይዘው መጡ። ጢንዚዛው እንዲራባ ግን አረሙ ሳይነቀል መቆየት ነበረበት። ገበሬው ሁሉ ሰነፍ መባልን ፈርቶ እምቢ ሲል አቶ ዋቅጋሪ መስካቸውን ሰጡ። ድሮ የተቆጧቸው ገበሬዎችም በመስኩ ዳር ባለፉ ቁጥር "ኦቦ ዋቅጋሪ፣ አረም መዝራት ጀመሩ እንዴ?" እያሉ ተበቀሏቸው።

ሥራቸውን ቤት ይዘው የማይገቡ ሰው ስለነበሩ የጢንዚዛውን ነገር ለባለቤታቸው በቅጡ አልነገሯቸውም። እሳቸው ለለቅሶ እንጭኒ በሄዱበት ሰሞን ወ/ሮ አስካለች የባላቸው መሳቂያ መሆን አንገብግቧቸው ደቦ ጠሩ። አረሙ ከነጢንዚዛው ተነቅሎ ተቃጠለ። አቶ ዋቅጋሪ ሲመለሱ ደቦው ገና እየበላ ነበር። አመስግነው፣ መርቀው፣ አብረው በሉ፤ ጢንዚዛው አብሮ መቃጠሉን ለባለቤታቸው የነገሯቸው እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ነው። ወ/ሮ አስካለች አለቀሱ። አቶ ዋቅጋሪ ግን ይህን ባነሡ ቁጥር በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

በዓመቱ ጢንዚዛው እንደገና ሲለቀቅ የአረሙ ዘበኛ ወ/ሮ አስካለች ሆኑ፤ ሊነቅል እጁን የሰደደ ሁሉ ጩኸታቸውን ሰምቷል። ጢንዚዛው ቅጠሉን በልቶ አረሙ ሲቀጭጭ፣ ከብት እንዳይገባበት መስኩን አጠሩት። መጀመሪያ ከዳር ሰርዶው እየተሳበ መጣ። ከሁለት ክረምት በኋላ ደግሞ ማንም ያልዘራው፣ ላም የምትወደው ማገጥ አበበ። አረሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሣሩን ግን ማሸነፍ አቃተው። ላሞቹ ተመልሰው ገብተውበት ወተቱ እንደ ድሮው ሲጣፍጥ አቶ ዋቅጋሪ ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አቀመሱ። ያሾፉባቸውም ጢንዚዛ ሊለምኑ መጡ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። አቶ ዋቅጋሪ በመቃብራቸው ላይ ሲሚንቶ እንዳይፈስ፣ ይልቁንም ከመስካቸው የተወሰደ ሰርዶ እንዲተከል ተናዘዋል፤ ይፈጸማል። ወ/ሮ አስካለችም ለቀባሪው ሁሉ አንድ አደራ አላቸው፦ ቅንጨ አረም ብቅ ቢልበት ጢንዚዛው እስኪደርስ ታገሡ፣ ደቦ አትጥሩበት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አረም በማይበቅልበት መስክ ያሳርፍልን። አሜን።