ድረ ገጽህን አስተካከልኩት፣ ሙሌ

ሙሌዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሦስት የሰሊጥ አጨዳ ያላንተ አለፈ። ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ መሰለህ። ደክሞኛል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ሥዕል ቤትህን ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ሳይሆን የተረፈኝን እበላለሁ።

አንተ እያለህ የጀመረው የማዶው የሱዳን ጦርነት አላበቃም። ድሮ መተማ ኬላው ላይ ተራ እስኪደርሳቸው ወደ አንተ ጎራ የሚሉት ሾፌሮችና ነጋዴዎች ቀንሰዋል። አሁን ከገላባት የሚሻገረው ልጅ ያዘለ፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ነው። ሥዕል የሚያይበት ልብ የለውም፤ አልፈርድበትም። አንዳንድ ሳምንት በሩን የሚያልፈው ነፋስና አቧራ ብቻ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ክፍሉን የሰሊጥ መጋዘን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ሰውየው አፍረው ነበር። «እስከ ክረምት ልጠብቅሽ ልጄ፤ ሰው የሚያየው ከሆነ ይቀጥል፣ ካልሆነ ግን ዝም ብሎ ከሚታሸግ...» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ። እውነቱን ልንገርህ፤ ቀለል አለኝ። ቁልፉን አስረክቤ መተኛት ነበር ያማረኝ።

ራህማ ናት ያላስተኛችኝ። ያቺ ከጎናችን ሞባይልና ሲም ካርድ የምትሸጠው፣ የለበሰችው የሱዳን ቶብ ላይ ቀለም አፍስሰህባት ለሳምንት ያኮረፈችህ። «ሰዉ በእግሩ መምጣት ካቆመ በስልኩ እንዲያየው አድርጊዋ! ድረ ገጽ የለው እንዴ?» አለችኝ።

ነበረህ። ጎንደር ያለው ጓደኛህ ሲሠራልህ «አየሁት፣ ያምራል» ያልኩህ ውሸቴን ነው ሙሌ፤ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ከራህማ ጋር ስከፍተው ከሥዕሎቹ ግማሹ አልታይ አለ። የቀረውም እስኪከፈት ዳታችን አለቀ። አድራሻው «ኬላው አጠገብ» ይላል፣ በቃ። የሥዕሎቹ ርዕስ የለ፣ መጠናቸው የለ። ከጎንደር ፓስወርዱን አስልከን ሥራ ጀመርን።

ለእኔ ቀላል አልነበረም። ራህማ ሱቋ ፀጥ ሲል ትመጣለች። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ በረንዳው አውጥተን ፀሐዩ ሳይበረታ ፎቶ አነሳን። ፎቶ ቶሎ እንዲከፈት እንዴት እንደሚያንስ አስተማረችኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ትተን፣ ሲመጣ ከነበርንበት እንቀጥላለን። እኔ በአማርኛ የጻፍኩትን እሷ በዐረብኛ ጻፈችው። የቴሌግራም ቻናልም ከፈትን፤ በየሰኞው አንድ ሥዕል ልንለጥፍ።

የመጀመሪያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ የጠመጠመው፣ ማጭዱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ወጣት። ሥሩ «የሰሊጥ አጫጅ፣ ኮኪት» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

በስምንተኛው ቀን አንዲት ሴት ደወለች። አነጋገሯ የጎጃም ነው። ሰላምታ እንኳን አልሰጠችኝም። «ይኸ አስማረ ነው። ወንድሜ ነው። አለ ወይ በሕይወት?»

ለአጨዳ ብሎ ቆላ ከወረደ አራት ዓመቱ ነው አለችኝ። ድምፁ ከጠፋ ሦስት። እናታቸው ተስካሩን ላውጣ አላውጣ እያሉ ከቄስ ጋር እየተማከሩ ነው። «ሠዓሊው መቼ ነው የሣለው?» ስትለኝ አላውቅም አልኳት። ያንተን ሥራ አላውቅም ማለት እንዴት እንዳሳፈረኝ።

ስልኩን ስዘጋ ሸራውን ከግድግዳ አወረድኩት። ጀርባው ላይ በከሰል ጽፈሃል፦ «አስማረ፣ ከደጀን። እጁን ስሥል አፈረ፤ ቁስሉን ደበቀኝ።» ወንበር ላይ ወጥቼ ሁሉንም አወረድኩና ገለበጥኩ። ሁሉም ላይ ስም አለ፣ አገር አለ፣ እንዲያ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። «እንድሪስ፣ ከወረኢሉ። የሚዘፍነው ሲደክመው ነው።» ከእነዚህ ፊቶች ጋር ስንት ዓመት ስኖር ጀርባቸውን አላየሁም። አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልጠየቅኩህ። ወለሉ ላይ፣ በመካከላቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሥዕል ከፊቱ ጎን ጀርባውንም ፎቶ አንስተን ለጠፍን። ድረ ገጽህን ሰው ያወቀው በዚህ ነው። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፣ አብረን አጭደናል» የሚል መጣ። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከአብደራፊ እርሻዎች ጻፉልን። ሥዕል ልግዛ የሚሉም መጡ። ሐጂም አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው ገቡ፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የነበረ ዘመዳቸው ከስደት ቦታው አይቶ ልኮላቸዋል። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይቀጥል» ብለው ወጡ።

አስማረም አየው። የሆነ ሾፌር አብደራፊ ላይ አሳይቶት ኖሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጭነት መኪና ወርዶ መጣ። ከሥዕሉ በጣም ከስቷል። የራሱ ሥዕል ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ ከስልክ ላይ ያውርዱልኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ባዶ እጄን ነኝ። የሠራሁትን ወባው በላው። ቤተሰቦቼ ሥዕሉን ተከትለው መጥተው እንዲህ ሆኜ አይዩኝ።»

ተናደድኩ ሙሌ። ስንት ቀን የደከምኩበትን፣ ሰው የተሰበሰበበትን ሥዕል። እናትህ ተስካርህን ሊያወጡ ነው አልኩት፤ እንዲያ መናገር አልነበረብኝም። አላወቀም ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለና ጨርቁን ከራሱ አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ያኔ አንተን አሰብኩ። ማንንም ሳትጠይቅ ሥለህ አታውቅም። ቁስሉን ሲደብቅህ እንኳን ደብቀህለታል፤ ሥዕሉ ላይ የለም። እኔ ግን እሱን ሳልጠይቅ ስሙንና አገሩን ለዓለም ለጠፍኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ከድረ ገጹም ከቻናሉም አጠፋሁለት። እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ከጠፋ በኋላ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ «ለእህቴ ይደውሉልኝ» አለ።

«እኔ ነኝ» ብቻ ነው ያላት። ሌላውን ስትናገር የነበረችው እሷ ናት፤ እሱ ያዳምጣል። ከሳምንታት በኋላ መልእክት ላከችልኝ፦ «ቤት ገብቷል።» ሌላ ምንም አልጻፈችም።

አሁን የድረ ገጹ መግቢያ ላይ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ራሱን ያየና ያልወደደ ሰው ቢነግረን በዚያው ቀን እናወርዳለን የሚል አለ። ያገኘናቸውንም እየደወልኩ አስፈቅዳለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን አወርዳለሁ።

ሁሉንም ሳስተካክል አንድ ገጽ ዘልዬ ነበር፤ «ስለ ሠዓሊው» የሚለውን። «ሙሉጌታ መተማ ዮሐንስ ይኖራል፤ የሚያልፉትን ሰዎች ይሥላል» ይላል። ራህማ አይታ እንዳላየች ሆነች። ግን ሰው በበዛ ቁጥር «መቼ ብመጣ ይሥለኛል?» የሚል መልእክት በዛ። ለእያንዳንዱ መሞትህን ከመጀመሪያው መንገር አቃተኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ከፍቼ «ኖረ፤ ሣለ» ብዬ አረምኩት። ኔትወርኩ ዘገየ፤ እንዲቋረጥ ተመኘሁ። አልተቋረጠም፣ ተቀየረ።

ሙሌዬ፣ ከእንግዲህ መሞትህን ለሰው አልናገርም፤ ተጽፏል። እንዴት ያለ ሰው እንደነበርክ የሚጠይቀኝ ሲመጣ ግን፣ የፈለገውን ያህል ቢደክመኝ፣ ወንበር ስቤ አስቀምጠውና እነግረዋለሁ።

ባለቤትህ
አስናቀች